የቤት ኮምፒውተራችሁን ቁልፎች ራሳችሁ ደልድሉ

በእኔ ዕድሜ ያለን አብዛኞቻችን ኮምፒውተር የተማርነው በሰው ዕቃ ላይ ነው። በትምህርት ቤት ላብራቶሪ፣ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ፣ በደቂቃ በሚያስከፍል ኢንተርኔት ቤት። በሁሉም ቦታ የመጀመሪያው ደንብ «ሴቲንግ እንዳትነኩ» የሚል ነበር። ለቦታው ትክክለኛ ደንብ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራረቅበትን ማሽን እያንዳንዱ እንደ ልቡ ቢቀያይረው ቀጥሎ የሚቀመጠው ይቸገራል። ነገር ግን ደንቡ ተከትሎን ቤታችን ገብቷል። በገዛ ገንዘባችን የገዛነው ኮምፒውተር በገዛ ጠረጴዛችን ላይ ተቀምጦ እንኳ፣ ግድግዳ ላይ ሚስማር ለመምታት አከራዩን እንደሚፈራ ተከራይ እንሆናለን። የጀርባ ምስሉን የልጆቻችን ፎቶ እናደርገዋለን፤ ከዚያ ያለፈውን አንነካም።

እኔ ተርጓሚ ነኝ፤ የምሠራውም ከቤቴ ነው። ለጤና ባለሙያዎችና ለግብርና ሠራተኞች የሚዘጋጁ የሥልጠና ጽሑፎችን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ሥራ ላይ ስሆን አራት መስኮቶች ሁልጊዜ ክፍት ናቸው፤ ዋናው ጽሑፍ በፒዲኤፍ፣ ትርጉሜ በወርድ፣ ባለፉት ሥራዎች የተስማማንባቸውን ቃላት የምይዝበት ኤክሴል፣ እንዲሁም ብሮውዘር። ያለኝ ስክሪን አንድ ነው፤ ትልቅም አይደለም። በእነዚህ መስኮቶች መካከል በቀን ስንት ጊዜ እንደምመላለስ ቆጥሬ አላውቅም፤ ከምጽፋቸው ዓረፍተ ነገሮች ቁጥር እንደማያንስ ግን እርግጠኛ ነኝ። ስለዚህ የማምነውን በግልጽ ልናገር። መስኮቶችን የምናዝዝባቸው የኪቦርድ አቋራጮች የኮምፒውተሩ ባለቤት ንብረት ናቸው። ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉ ጥቂቶቹን እንደ ሥራውና እንደ እጁ ሊደለድላቸው ይገባል። በሁለት ፊደል የምንጽፍ ሰዎች ደግሞ ከሌላው የበለጠ ምክንያት አለን።

ከደብዳቤ ላይ ቁጥር እያነበበ ኤክሴል ውስጥ የሚያስገባ ሰው አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ሙሉ ስክሪኑን የሸፈነውን ደብዳቤ ያነባል። ቀኝ እጁን ከኪቦርዱ አንስቶ ማውሱን ይይዛል፤ ቀስቱን ወደ ታስክባሩ አውርዶ ኤክሴልን ይፈልጋል፤ ይከፍታል፤ እጁን ይመልሳል። ቁጥሩን ግማሽ ድረስ ይጽፍና የቀረው ይጠፋዋል። ተመልሶ ደብዳቤውን ይከፍታል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ይውላል፤ ማታ ትከሻውን ሲያመው የወንበሩ ነገር ይመስለዋል። ሁለቱ መስኮቶች ጎን ለጎን መቀመጥ ይችሉ ነበር። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዞ የግራ ቀስትን ቢጫን መስኮቱ የስክሪኑን ግራ ግማሽ ይይዛል፤ የቀኝ ቀስት ወደ ቀኝ ይልከዋል፤ የላይ ቀስት ስክሪኑን ሙሉ ያለብሰዋል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ዊንዶውስ 7 ጀምሮ በየማሽኑ አለ። በሥልጠና ክፍል ስሙ ሲነሳ ሰምቼ ግን አላውቅም።

ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው። በ1985 የወጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ መስኮቶቹን ጎን ለጎን ብቻ ነበር የሚደረድራቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ መውጣት አይችልም ነበር። መደራረብ የተፈቀደው በ1987 በወጣው ሁለተኛው ላይ ነው፤ እንደ ትልቅ መሻሻልም ታየ። ጎን ለጎን መደርደር እንደ አዲስ ነገር ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ። አፕል ደግሞ መስኮትን በኪቦርድ ወደ ግማሽ ስክሪን መላክን በማኩ ውስጥ ያስገባው በ2024 ሴኮያ በተባለው እትሙ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የማክ ተጠቃሚዎች እንደ ሬክታንግል ያሉ ነጻ ፕሮግራሞችን እየጫኑ ነበር የሚሠሩት። ይህን የማነሳው የፋብሪካው አሰላለፍ የአንድ ዘመን ውሳኔ እንደሆነ ለማሳየት ነው። አምራቾቹ ራሳቸው ሐሳባቸውን ይለውጣሉ። እኛ የነሱን የትናንት ሐሳብ እንደ ሕግ የምንጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም።

የእጅን ጉዳይ በተመለከተም እንዲሁ ነው። ማውስን ለዓለም ያሳየው አሜሪካዊው ዳግላስ ኤንግልባርት በዲሴምበር 9 ቀን 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ባደረገው ዝነኛ ማሳያ ላይ ቀኝ እጁ ማውሱን ይዞ ነበር። ግራ እጁ ደግሞ አምስት ቁልፎች ያሉት ትንሽ ሰሌዳ ላይ አርፎ፣ ቁልፎቹን እንደ በገና አውታር በአንድ ላይ እየተጫነ ትእዛዝ ይሰጥ ነበር። መካከል ላይ የተለመደው ኪቦርድ አለ። ማውሱ ዓለምን ዞረ፤ የግራ እጁ ሰሌዳ ቀረ። በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ኪቦርድ ጭራሽ የቀስት ቁልፎች እንኳ አልነበሩትም፤ ሰው ማውሱን ከመልመድ ሌላ ምርጫ እንዳይኖረው ተብሎ። ማውስ ግሩም መሣሪያ ነው፤ ከማያውቁት ፕሮግራም ጋር ለመተዋወቅ ከሱ የተሻለ የለም። የሠራው ሰው ግን ብቻውን እንዲሠራ አላሰበውም። ግራ እጃችን ተቀምጦ እንዲመለከት የተደረገው በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ልናልፈው የማይገባ ተቃውሞ አለ። በአፕል ውስጥ ሰው ከኮምፒውተር ጋር የሚግባባበትን መንገድ ሲያጠና የኖረው ብሩስ ቶግናዚኒ፣ በኩባንያው በተደረጉ ሙከራዎች ተጠቃሚዎች ኪቦርዱ ፈጠነልን ሲሉ ሰዓቱ ግን ማውሱ እንደሚፈጥን ማሳየቱን ጽፏል። ማብራሪያው አሳማኝ ነው። ሰው አንድን አቋራጭ ከመጫኑ በፊት «የትኛው ነበር?» ብሎ ያስባል። ይህ ማሰብ ጊዜ ይወስዳል፤ አእምሮ ስለተጠመደ ግን ጊዜው ማለፉ አይታወቀውም። ማውስ የያዘው ሰው በበኩሉ ሲጎትት የሚያልፈው ጊዜ ሁሉ ይታወቀዋል፤ ስለዚህ የዘገየ ይመስለዋል።

ይህን ሐሳብ በቁም ነገር ነው የምወስደው፤ ትክክልም ይመስለኛል። ነገር ግን የሚናገረው ስለማይታወሱ አቋራጮች ነው። ፋብሪካው ካዘጋጃቸው መቶዎች ውስጥ አንዱን ከትዝታ መዝዞ ማውጣት በእርግጥ ማሰብ ይጠይቃል። ሰው ራሱ የመረጣቸው አምስት ወይም ስድስት ቁልፎች፣ በቀን ደጋግሞ የሚጫናቸው፣ ጣቱ ካለበት ቦታ ብዙም የማይርቁ ከሆኑ ግን ጥያቄው አይነሳም። የገዛ ስሙን ለመፈረም ፊደል የሚያስታውስ ሰው የለም። እንግዲህ ከቶግናዚኒ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፤ የአቋራጮች ረጅም ዝርዝር መሸምደድ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ጥቂቶችን ለራስ አድርጎ መደልደል ግን የማሰቡን ጊዜ ከሥሩ ይነቅለዋል። በየሥልጠናው የሚታደለው ባለ ሁለት ገጽ የአቋራጮች ሰንጠረዥ ለዚህ ነው መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው።

አሁን የራሴን ድልድል ላሳያችሁ። እንድትገለብጡት አይደለም፤ እንዴት እንደታሰበ እንድታዩት ነው።

መጀመሪያ ጥሪ። አልትን ይዞ ታብን መጫን ብዙ ሰው ያውቀዋል። አልትና ታብ መስኮቶቹን የሚያሰልፉት በቅርብ በተጠቀምንባቸው ቅደም ተከተል ነው። በሁለት መስኮቶች መካከል ለሚመላለስ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም፤ አንድ ጊዜ መታ ማድረግ ሁልጊዜ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። ሦስተኛና አራተኛ መስኮት ሲጨመር ግን ሰልፉ በየጊዜው ይለዋወጣል። የቃላት ዝርዝሬ አሁን ሁለተኛ ነው፤ ብሮውዘሩን አየት ካደረግኩ በኋላ ሦስተኛ ይሆናል። ቦታው የማይረጋን ነገር እጅ ሊለምደው አይችልም፤ ሁልጊዜ ዓይን መፈለግ አለበት። መስኮትን በስሙ መጥራት ከዚህ ይገላግላል። ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዞ 1ን መጫን ታስክባሩ ላይ ከግራ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ይጠራል፤ ተዘግቶ ከሆነ ይከፍተዋል፤ ተከፍቶ ከሆነ ወደ ፊት ያመጣዋል። 2 ሁለተኛውን፣ 3 ሦስተኛውን፣ እንዲህ እያለ እስከ 9 ይዘልቃል። ኡቡንቱ ላይም በጎን በኩል ያለው የፕሮግራሞች ረድፍ በዚሁ መንገድ ይታዘዛል።

ለዚህ የሚጫን ፕሮግራም የለም። ምልክቶቹን ታስክባሩ ላይ አጣብቆ በማውስ እየጎተቱ ተራቸውን ማስያዝ ብቻ ነው። የእኔ ተራ ከሥራው ሂደት ጋር ይሄዳል፤ 1 የማነበው፣ 2 የምጽፈው፣ 3 ቃል የማጣራበት፣ 4 ውጭውን የምጠይቅበት። ዋናውን ጽሑፍ ሆን ብዬ በፒዲኤፍ ማንበቢያ እከፍተዋለሁ፤ በወርድ ብከፍተው ከትርጉሜ ጋር አንድ ቁጥር ይጋራና ጥሪው ይደባለቃል።

ቀጥሎ ቦታ። የቀስት ቁልፎች ኪቦርዱ ቀኝ ጥግ ላይ ናቸው፤ መስኮት ለማስተካከል ቀኝ እጄን ከፊደሎቹ ላይ ማንሳት አለብኝ ማለት ነው። ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠው ፓወርቶይስ የሚባል የመሣሪያዎች ስብስብ አለ፤ ስሙ ከዊንዶውስ 95 ዘመን የቆየ ሲሆን አሁን ያለው ምንጩ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ሆኖ የታደሰው በ2019 ነው። በውስጡ ኪቦርድ ማኔጀር የሚባለው ክፍል አንዱን አቋራጭ ወደ ሌላ ያዞራል። በእሱ አማካይነት የዊንዶውስ ቁልፍና ኤ መስኮቱን ወደ ግራ፣ የዊንዶውስ ቁልፍና ዲ ወደ ቀኝ፣ መካከላቸው ያለው ኤስ ሙሉ ስክሪን እንዲሆን አደረግኩ። ሦስቱ ቁልፎች በአንድ መስመር ጎን ለጎን ናቸው፤ ግራው ለግራ፣ ቀኙ ለቀኝ። የሚታወስ ነገር የለም። ዲ ቀደም ሲል ሁሉንም መስኮት አውርዶ ባዶ ዴስክቶፕ የሚያሳየው ነበር። ባዶ ዴስክቶፕ ለእኔ የሚፈይደው የለም፤ ስለዚህ ቁልፉን ወሰድኩበት። ኤስ መፈለጊያውን ይከፍት ነበር፤ የዊንዶውስን ቁልፍ ብቻውን ተጭኖ መጻፍም ያንኑ ይፈልጋል። ቁልፍ ስትነጥቁ እንዲህ ነው ማሰብ ያለባችሁ፤ የምትነጥቁት ሥራ ሌላ መንገድ አለው ወይ? ደግሞስ ያስፈልጋችኋል ወይ? መነካት የማይፈቅዱም አሉ። ማሽኑን የሚቆልፈውን የዊንዶውስ ቁልፍና ኤልን፣ እንዲሁም ኮንትሮል፣ አልትና ዲሊትን ዊንዶውስ ለራሱ ስለያዛቸው ፓወርቶይስ አያዞራቸውም።

ሰፊ ስክሪን ያላችሁ በዚያው ፓወርቶይስ ውስጥ ፋንሲዞንስ የሚባለውን ሞክሩት፤ ስክሪኑን ግማሽ ለግማሽ ብቻ ሳይሆን እንደፈለጋችሁት ትከፋፍሉታላችሁ። እኔ ግማሽ ለግማሽ ይበቃኛል።

የእኛ የብቻችን ጉዳይ አሁን ይመጣል። አማርኛን በድምፅ እየተከተልን በምንጽፍባቸው ኪቦርዶች ላይ ሺፍት ከእንግሊዝኛው የተለየ ሸክም አለበት። እንግሊዝኛ ጸሐፊ ሺፍትን የሚፈልገው ለዓረፍተ ነገር መጀመሪያና ለስም ነው። እኛ «ተ»ን ከ«ጠ»፣ «ቸ»ን ከ«ጨ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ» የምንለየው በሱ ነው። «ጠጪ»፣ «ጨዋታ»፣ «መጠጊያ» የሚሉትን ጻፉና ጣታችሁ ስንት ጊዜ ሺፍት ላይ እንደሚወርድ ልብ በሉ። በዚያ ላይ ዊንዶውስ ቋንቋ ለመቀየር ከሚጠቀምባቸው ጥምረቶች አንዱ አልትና ሺፍት ነው። ሺፍት ላይ የሚመላለስ ጣት ሳያስበው አልትን ይነካል፤ በአንቀጹ መካከል አማርኛው ወደ እንግሊዝኛ ይገለበጣል። ይህ የደረሰበት ሰው ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ የተበላሸ ይመስለዋል። የተበላሸ ነገር የለም። ድልድሉ ለእኛ አልታሰበም ብቻ።

መፍትሔው በእጃችን ነው። ሴቲንግ ውስጥ ታይም ኤንድ ላንጉጅ፣ ከዚያ ታይፒንግ፣ ከዚያ አድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ ብትገቡ የቋንቋ መቀየሪያ ቁልፎችን የሚመለከት መስመር አለ፤ አልትና ሺፍትን ከሥራው ማሰናበት ይቻላል። የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ይቀራል፤ ቋንቋውን ያ ይቀይራል። እኔ አንድ እርምጃ ጨምሬ ካፕስ ሎክን በፓወርቶይስ ወደዚያ ጥምረት አዞርኩት። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር ስለሌለው ካፕስ ሎክ ለአማርኛ ጸሐፊ የሚሠራው ሥራ የለም፤ የያዘው ቦታ ግን ከኪቦርዱ ሁሉ ምርጥ ከሆኑት አንዱ ነው፤ የግራ እጅ ትንሿ ጣት አጠገብ። አሁን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የምሻገረው በአንድ ጣት ነው። ፓወርቶይስ የይለፍ ቃል በሚጠየቅበት መግቢያ ላይ ስለማይሠራ እዚያ ካፕስ ሎክ ጥንታዊ ሥራውን ይሠራል፤ ይህን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ በመነሳት ለመስኮቶች በመረጥኳቸው አቋራጮች ውስጥ ሺፍት የሚገባበት አንድም የለም። ሺፍት የፊደል ነው። የዊንዶውስ ቁልፍ የመስኮት ነው። ኮንትሮል በፕሮግራሙ ውስጥ ላለው ሥራ፣ ለመቅዳት፣ ለመለጠፍ፣ ለማስቀመጥ ነው። አንድ ተያዥ ቁልፍ አንድ ዓይነት ሥራ ሲይዝ እጅ በፍጥነት ይለምዳል። በሁለት ፊደል ለሚጽፍ ሰው የምመክረው ቅደም ተከተልም ይኸው ነው፤ በቅድሚያ የቋንቋ ቁልፋችሁን ወስኑ፤ የመስኮቶቹ ከሱ በኋላ ይመደቡ። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፎንትና የራሳቸው አጻጻፍ ነበራቸው፤ ዛሬም የተለያየ የአማርኛ መጻፊያ ያላቸው ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቁልፍ ነጻ ላይሆንላቸው ይችላል። ለሁሉም የሚሆን አንድ ድልድል የማልሰጣችሁ ለዚህ ነው።

ነገሩ የፍጥነት ብቻ እንዳልሆነ ያሳመነኝ ጎረቤቴ ነው። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ የዕድራችን ጸሐፊም እሱ ነው። ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። የአባላቱን መዝገብ በአንድ መስኮት፣ ቃለ ጉባኤውን በሌላው ከፍቶ ሲሠራ ማውሱ ከአንዱ ወደ ሌላው እስኪደርስ ይሰለቻል፤ ሁለት ጊዜ መጫን ደግሞ እጁ አይፈቅድለትም። ማሽኑ ላይ ስቲኪ ኪስ የሚባለውን አበራንለት። ይህ አሠራር ሁለት ቁልፍ በአንድ ላይ መያዝን ያስቀራል፤ የዊንዶውስን ቁልፍ ተጭኖ ይለቃል፤ ቀጥሎ 1ን ወይም 2ን ይጫናል፤ ማሽኑ አብረው እንደተጫኑ ይቆጥረዋል። «ጋሼ፣ አይቸኩሉ፤ አንድ በአንድ ነው» አልኩት። ከጥቂት ልምምድ በኋላ «ልጄ፣ ይኼማ እኔን እየጠበቀኝ ነው» አለኝ። የዕድሩን ቃለ ጉባኤ አሁን ራሱ ይጽፋል፤ ከዚያ በፊት የልጅ ልጁን ይለምን ነበር። ስቲኪ ኪስ በየዊንዶውሱ ውስጥ አለ፤ ማክና ሊኑክስም አላቸው። ለአንድ አዛውንት ማውሱ አልታዘዝ ሲል «ኮምፒውተር አይሆንልህም» ከማለታችን በፊት ይህን ማሳየት ግዴታችን ነው።

ቤት ውስጥ አንድ ማሽን ለሁሉም በሚሆንበት ጊዜስ? ልጄ 12ኛ ክፍል ናት፤ ማታ ማታ ለጥናት ትጠቀምበታለች። «እማዬ፣ ዲ ስጫን መስኮቴ ለምን ይሸሻል?» የሚል ጥያቄ እንዳይመጣ መንገዱ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን አካውንት መክፈት ነው። የቁልፎቹ ድልድል በየአካውንቱ ይቀመጣል፤ በእሷ በኩል ስትገባ የእሷን ታገኛለች። ለሌላም ብዙ ምክንያት አካውንት መለየት ተገቢ ነው፤ ፋይሎቼን ከልጅ እጅ፣ የእሷንም ከእኔ ዓይን ይጠብቃል። ሌላው የሚነሳው ሥጋት ቤት የለመድነው መሥሪያ ቤት አይሠራም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ስለዚህም ዓለም ሁሉ የሚጋራቸውን፣ መቅዳትና መለጠፍን፣ አልትና ታብን፣ መዝጊያውን አልትና ኤፍ 4ን አትንኩ። የምትወስዱት የማትጠቀሙባቸውን ይሁን። የታስክባሩ ቁጥሮች ደግሞ ዊንዶውስ ባለበት ሁሉ አብረዋችሁ ይሄዳሉ።

በጥብቅ የማስጠነቅቀው አንድ ነገር አለ። ቁልፎችን የሚያዞር ፕሮግራም የምትጽፉትን ሁሉ ማየት የሚችል ፕሮግራም ነው፤ የይለፍ ቃላችሁንና የባንክ ቁጥራችሁን ጭምር። ከ2003 ጀምሮ ያለው ኦቶሆትኪ እጅግ ጠንካራ መሣሪያ ነው፤ በጥቂት መስመር ትእዛዝ ያሰባችሁትን ሁሉ ያሠራችኋል። ሌላ ሰው ጽፎ የሰጣችሁን የኦቶሆትኪ ትእዛዝ ግን ሳታነቡና ሳትረዱ አታስኬዱ። ፓወርቶይስንም ከማይክሮሶፍት ስቶር አውርዱ እንጂ ከማንም ፍላሽ ላይ አትጫኑ። አንድ ፍላሽ በሰፈሩ ሁሉ በሚዞርበት አገር ይህን ደግሜ ባሳስብ አያስወቅሰኝም። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ደግሞ የሚጫን ነገር አያስፈልጋችሁም፤ ኡቡንቱም ሆነ ሊኑክስ ሚንት በሴቲንጋቸው የኪቦርድ ክፍል ውስጥ የመስኮት ትእዛዞችን ዘርዝረው አስቀምጠዋል፤ ትእዛዙን መርጣችሁ የፈለጋችሁትን ጥምረት ትጫናላችሁ፤ በሌላ ተይዞ ከሆነም ይነግራችኋል። በዚህ በኩል ከዊንዶውስ ይበልጣሉ። ማክ ላይ ደግሞ በማንኛውም ፕሮግራም ሜኑ ውስጥ ላለ ትእዛዝ ስሙን በትክክል ጽፎ የራስን አቋራጭ መስጠት ይቻላል፤ ይህ እስካሁን በዊንዶውስ ላይ የምመኘው ነገር ነው።

መስኮቶቻቸውን ሙሉ በሙሉ በኪቦርድ ብቻ የሚያስተዳድሩ ሰዎችም አሉ፤ አይስሪን እና ኤክስሞናድን የመሰሉ የሊኑክስ ሥርዓቶች የተሠሩት ለነሱ ነው። አከብራቸዋለሁ። የምጠይቀው ግን ያን ያህል አይደለም። ሥራ ያለበት ሰው ቀኑን ቁልፍ ሲያስተካክል መዋል የለበትም። አምስት ወይም ስድስት ጥምረት ይበቃል፤ በወረቀት ተጽፈው ስክሪኑ ጎን ላይ ይለጠፉ፤ ወረቀቱን ማየት ሲቀር ሌላ አንድ ይጨመር።

ለኮምፒውተር ማሠልጠኛዎችና ለትምህርት ቤት መምህራን የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። ወርድ፣ ኤክሴልና ፓወርፖይንት ታስተምራላችሁ፤ ጥሩ ነው። ሦስቱንም በአንድ ስክሪን ላይ እንዴት አብሮ ማሠራት እንደሚቻል ግን አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡ። ሠልጣኙ ሁለት መስኮት ከፍቶ፣ ማውሱን ሳይነካ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸው። የአማርኛና የእንግሊዝኛ መቀየሪያውን ራሱ ይምረጥ። ፈተና ላይም የሰንጠረዥ ሽምደዳ ከመጠየቅ «ለሥራህ የትኞቹን ቁልፎች መረጥክ? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት። ለዚህ ተጨማሪ መሣሪያም ተጨማሪ በጀትም አያስፈልግም።

አንባቢዬ፣ ኮምፒውተሩ የራሳችሁ ከሆነ ዛሬ ማታ ጀምሩ። አብዝታችሁ የምትመላለሱባቸውን ሁለት ፕሮግራሞች ታስክባሩ ላይ አንደኛና ሁለተኛ ቦታ አስይዟቸው። የዊንዶውስን ቁልፍ ይዛችሁ 1ን፣ ቀጥሎ 2ን ተጫኑ። ለአንድ ሳምንት በዚህ ብቻ ሥሩ፤ ሦስተኛውን ከዚያ በኋላ ራሳችሁ ትመርጡታላችሁ።